ከኤልፒቲ 1 ወደ ዩኤስቢ፦ የደረሰኝ ፕሮግራምን ማሻገር

በቆቦ ከተማ ከራያ ቆላ ገበሬዎች ማሽላና ጤፍ የሚረከብ መጋዘን አለ እንበል። ሚዛኑን መዝግቦ ደረሰኝ የሚያትመው ፕሮግራም ከብዙ ዓመት በፊት ለዚያው መጋዘን ተብሎ የተጻፈ ነው። ማተሚያውም ሪባኑን እየመታ ዋናውንና ቀሪውን በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ዶት ማትሪክስ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ተበላሽቶ አዲስ ሲገዛ ግን የማተሚያው ገመድ የሚሰካበት ሰፊ ሶኬት የለውም። ማተሚያው ደህና ነው፤ ፕሮግራሙም ደህና ነው፤ ደረሰኝ ግን አይወጣም። መለወጥ ያለበት ሁለቱ የሚገናኙበት መንገድ ነው።

ያ ሶኬት ፓራለል ፖርት ይባላል፤ ፕሮግራሞች የሚያውቁት «ኤልፒቲ 1» በሚል ስም ነው። በኮምፒውተሩ በኩል 25 ፒኖች አሉት። ከ2ኛው እስከ 9ኛው ያሉት ስምንቱ አንድ ባይት በአንድ ጊዜ ያሳልፋሉ። 1ኛው ማተሚያውን «ተቀበል» ይለዋል፤ በ11ኛው ማተሚያው «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይላል፤ 12ኛው ወረቀት ማለቁን ያስታውቃል። በዶስ ዘመን የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች እነዚህን መስመሮች ራሳቸው ያዝዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያው እትም የወጣው ዩኤስቢ ግን አሠራሩ ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙ ማተሚያውን የሚያገኘው በዊንዶውስና በድራይቨሩ በኩል ነው።

ስለዚህ መቀየሪያ ገመድ ገዝቶ መሰካት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ገመዱ ማተሚያውን ያገናኛል እንጂ ኤልፒቲ 1ን አይፈጥርም። ፕሮግራሙ ፖርቱን በዊንዶውስ በኩል የሚከፍት ከሆነ፣ ማተሚያውን ሼር አድርጎ ኤልፒቲ 1ን ወደ እሱ ማዞር ለጊዜው ያሠራል። ዘላቂው መፍትሔ ኮዱን ማስተካከል ነው፦ ማተሚያውን በስሙ መርጦ፣ ባይቶቹን «ሮው» በሚባለው መንገድ ሳይለወጡ ወደ ኅትመት ወረፋው ማስገባት። ያኔ የኤፕሰን ዓይነት ማተሚያን ወደ መነሻው የሚመልሰው ትእዛዝ፣ 27 እና 64፣ እንዳለ ይደርሳል። አዲስ ማተሚያ የሚገዛ ካለም ይህን የትእዛዝ ቋንቋ የሚያውቅ መሆኑን አስቀድሞ ያጣራ።

አማርኛው ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። «ቆቦ» የሚለው ቃል በዩቲኤፍ 8 ስድስት ባይት ይይዛል፤ እንዲሁ ቢላክ ፊደላችንን የማያውቅ ማተሚያ በሁለቱ ፊደላት ፈንታ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይደረድራል። ስለዚህ የአማርኛው ጽሑፍ በዊንዶውስ ፎንት ተስሎ እንደ ምስል ይታተም። ኅትመቱ ይዘገያል፤ ቢሆንም ገበሬው ስሙንና የእህሉን ዓይነት በፊደሉ አንብቦ ማረጋገጥ መብቱ ነው።

መብራትም አይረሳ። ፕሮግራሙ «ተልኳል» ሲል ደረሰኙ ወረፋ ገባ ማለት እንጂ ታተመ ማለት አይደለም። መሐል ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ያው ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላል። እያንዳንዱ ደረሰኝ ከመታተሙ በፊት ቁጥሩ ይመዝገብ፤ በድጋሚ የሚታተመውም «ቅጂ» የሚል ይጻፍበት። ባለሙያው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አንድ ደረሰኝ በአማርኛ ከነቀሪው ያትም፤ ቀጥሎ ኅትመቱ ሳያልቅ የማተሚያውን የመብራት ገመድ ነቅሎ ይመልስና መዝገቡ አንድ ሚዛን፣ አንድ ቁጥር ማሳየቱን ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ያረጋግጥ።