የሶላር ፓኔሉ በየትኛው የጣሪያ ጎን ይቀመጥ?

የጣና በለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ውሃውን የሚያገኘው ከጣና ሐይቅ ነው። ይሁንና በሐይቁ ዳርቻና በደሴቶቹ የሚኖሩ በርካታ አባወራዎችና እማወራዎች የዋናው መስመር ኤሌክትሪክ ገና አልደረሳቸውም። በ2011 ዓ.ም የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም 35 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጪ ባሉ አማራጮች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ ተጠቃሚ እንዲሆን ያቀደው ለዚህ ዓይነቱ አካባቢ ነው።

ምርት ተሰብስቦ ገንዘብ እጁ ሲገባ አርሶ አደሩ ሶላር ይገዛል። ስለ ዋቱና ስለ ባትሪው አጥብቆ ይጠይቃል። ፓኔሉ የሚቀመጥበትን የጣሪያ ጎን ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው መሰላሉ የተደገፈበት ቦታ ነው።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ነጥብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ከነሐሴ 17 አካባቢ እስከ ሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ስምንት ወር ለሚሆን ጊዜ፣ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ደቡብ አዘንብላ ታልፋለች። ታኅሣሥ 12 ገደማ ዝንባሌዋ 35 ዲግሪ ይደርሳል። በቀሩት አራት ወራት በሰሜን በኩል ብታልፍም ከአናት የምትርቀው ከ12 ዲግሪ አይበልጥም። የዚህ ጊዜ አብዛኛው ክረምት ስለሆነም ደመናው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ወደ ደቡብ የሚያዘነብለው የጣሪያ ጎን ነው። ተገቢው ተዳፋት ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሲሆን፣ ይህም ለ1 ሜትር የፓኔል ርዝመት አንዱን ጫፍ ከ20 እስከ 26 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ማለት ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ አያወርደውም። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ተዳፋት ለእኛ ሰማይ አይሆንም።

ጣሪያው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ብቻ የሚያዘነብል ከሆነም ችግር የለም፤ ተዳፋቱ ዝቅተኛ እስከሆነ ድረስ የዓመቱ ኪሳራ ጥቂት ነው። የክረምት ደመና ብዙ ጊዜ የሚከብደው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ምሥራቁ ይመረጣል። መራቅ ያለበት የሰሜኑ ጎን ነው። በታኅሣሥ ቀትር ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ያዘነበለ ፓኔል፣ በዚያው መጠን ወደ ደቡብ ካዘነበለው ጋር ሲነጻጸር የሚደርሰው ቀጥተኛ ብርሃን በሩብ ያህል ያንሳል። ሌላ አማራጭ ከሌለ የፓኔሉን የታች ጫፍ በብረት ወይም በእንጨት ማስደገፊያ አንስቶ ፊቱን ወደ ደቡብ ማዞር ይቻላል። የሣር ክዳን ቤት ላላቸው ደግሞ ደጅ ላይ ምሰሶ መትከል ይሻላል።

ደቡብን ለማወቅ ኮምፓስ አያስፈልግም። በታኅሣሥ ወር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ ይተከል። የዕለቱ አጭር ጥላ የሚያመለክተው ሰሜንን ነው፤ ተቃራኒው ደቡብ ነው።

ከአቅጣጫ በላይ የሚጎዳው ጥላ ነው። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው፣ የባሕር ዛፍ ወይም የማንጎ ቅርንጫፍ ጥላ አንዱን ጥግ ብቻ ቢሸፍን እንኳ የሙሉው ፓኔል ኃይል ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። ከደቡብ በኩል ያለው ዛፍ በታኅሣሥ ጥላው እንደሚረዝም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ፓኔሉን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ ማሰርም ሙቀት ያፍናል፤ ሲግል ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አየር ማስገቢያ ይተውለት። ብሎኑ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ከነጎማው ገብቶ ማገሩን ይያዝ፤ በጎድጓዳው ከገባ ቤቱ ያፈሳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለባትሪው ሲባልም ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ በየዕለቱ ሳይሞላ ሲቀር ውስጡ ይደነድናል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ያኔ አባወራው «ባትሪው መጥፎ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው ጣሪያ ሥር በዚያው መንገድ ይበላሻል። በብድር የተገዛ ከሆነ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ዕዳው ይቀጥላል።

የወረዳ ውሃና ኢነርጂ ባለሙያዎች ተከላን ሲቆጣጠሩ የፓኔሉን ዋት ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውን፣ ተዳፋቱንና የቀትሩን ጥላ ቢመዘግቡ፣ ጉድለቱ ባትሪው ከመበላሸቱ በፊት ይታያል። አዲስ ቤት የሚሠራ አርሶ አደርም የጣሪያውን አናት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢያስኬደው፣ አንዱ ጎን ያለ ተጨማሪ ወጪ ወደ ደቡብ ይዞርለታል።