ከዓይን ጀርባ ያለው ሰዓት

የግራና የቀኝ ዓይን ነርቮች ወደ አንጎል ሲዘልቁ መሀል ላይ ይገናኙና ይሻገራሉ። ከመሻገሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን የነርቭ ህዋስ ክምችቶች አሉ። ሁለቱ ተደምረው 20,000 ያህል ህዋሳት ቢኖሯቸው ነው። ስማቸው ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክለስ ይባላል፤ ስሙ ስለሚረዝም ብዙዎች ኤስሲኤን ብለው ያሳጥሩታል። እንቅልፋችንን፣ ረሃባችንንና የሰውነታችንን ሙቀት በቀንና በሌሊት የሚያፈራርቀው ዋናው ሰዓት ይኸው ነው።

ሥራው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየፊናቸው ይህን ቦታ ከአይጦች አንጎል ሲያጠፉት እንስሳቱ በሕይወት ቀጠሉ፤ ቀንና ሌሊቱ ግን ተደባለቀባቸው። በ1990 የተደረገው ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ሃምስተር ከሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት መካከል ውስጣዊ ቀኗ በተፈጥሮ ወደ 20 ሰዓት ካጠረባት ኤስሲኤን ተወስዶ፣ ሰዓቷ ለጠፋባት ለሌላዋ ተተከለ። ተቀባይዋ በ20 ሰዓት ቀን መኖር ጀመረች። ሰዓቱ ከነጠባዩ ተዛወረ ማለት ነው።

እያንዳንዱ ህዋስ በራሱ ሰዓት ነው። ዘረመሎቹ ፕሮቲን ያሠራሉ፣ ፕሮቲኑ ሲጠራቀም የገዛ ዘረመሉን ያስቆማል፣ ሲሟጠጥ ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ ዙሩ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ይህን በዝንቦች ላይ ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2017 ኖቤል ተሸልመዋል። ታዲያ ህዋሳቱ ተነጣጥለው ሲቀመጡ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። በነርቭ ተያይዘው፣ በኬሚካል መልእክት እየተናበቡ ሲሠሩ ግን ልዩነታቸውን አቻችለው አንድ ሰዓት ይሆናሉ። ዋናው ጉዳይ እንግዲህ የሚያገናኛቸው መስመር ነው።

ከውጭ ወደ ሰዓቱ የሚገባው መስመር አጭር ነው። ከዓይን ሬቲና ውስጥ ጥቂት ህዋሳት ሜላኖፕሲን የሚባል ቀለም ይይዛሉ፤ ሰማያዊ ብርሃን በተለይ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ዋና ሥራቸውም ስለ ብርሃኑ መጠን ለሰዓቱ መንገር ነው። አንዳንድ ዓይነ ስውራን ምንም ሳያዩ ቀንና ሌሊታቸው የማይዛባው እነዚህ ህዋሳት ስለተረፉላቸው ነው። ከሰዓቱ የሚወጣው መስመር ግን ጉድ ነው። ሜላቶኒን የሚባለውን የሌሊት ሆርሞን የሚያመነጨው ፓይኒያል ዕጢ እዚያው አንጎል መሀል፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ተቀምጦ ሳለ፣ ትእዛዙ በህብለ ሰረሰር በኩል እስከ ደረት ይወርዳል፤ ከዚያ ወጥቶ በአንገት በኩል ተመልሶ ይወጣል። ከመገናኛ ቦሌ ለመድረስ በአያት በኩል እንደ መዞር ነው። ህብለ ሰረሰራቸው አንገት ላይ በአደጋ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠባቸው ሰዎች ሌሊት ሜላቶኒን የማያመነጩትም ለዚህ ነው።

በሃርቫርድ ተመራማሪዎች የ1999 ልኬት መሠረት የሰው ውስጣዊ ቀን በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነው። ትርፏን በየቀኑ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ልዩነት ስለሚመላለስ፣ እዚህ የሚኖር ሰው ሰዓት ብዙም አይጉላላም። ቦሌ ኤርፖርት ካልገባ በቀር።

ለገና ከዋሽንግተን የመጣን እንግዳ እንመልከት። በዚያ ወራት ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኩሽና መብራት ይበራል፤ እንግዳው የድስት ክዳን እያነሳ ነው። ዋሽንግተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ስለሆነ እራቱን መፈለጉ ነው። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ዶሮው ቀርቦለት ዓይኑ ይከደናል፤ ለእሱ ሊነጋጋ ሲል ያለው ከባድ እንቅልፍ ነው። ጉበትና አንጀትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ አንጎል ቀድሞ ቢስተካከል እንኳ እነሱ በኋላ ይከተላሉ።

«ውጣና የጠዋት ፀሐይ ሙቅ፣ ይለቅሃል» የሚለው ምክር ለዚህ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተገላቢጦሽ ይሠራል። በሰውነት ሌሊት የመጀመሪያ አጋማሽ የሚገባ ብርሃን ሰዓቱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ሊነጋ ሲልና ከዚያ በኋላ የሚገባው ደግሞ ወደ ፊት ይገፋዋል። ድንበሩ የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው፤ ለብዙ ሰው ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት። ያ ጊዜ ለእንግዳችን አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት ይውላል። ስለዚህ ከምሳ በፊት ጥቁር መነጽር አድርጎ ጥላ ጥላውን ቢል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ወጥቶ ቢንሸራሸር ይሻለዋል። ሰዓቱ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ሲጓዝ ድንበሩም አብሮ ወደ ጠዋት ይመጣል። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ግን የከሰዓት ብርሃን ራሱ ሰዓቱን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ስለሚጎትተው ጉዞው ይቀላል።

አንድ ሌሊት አድሮ የሚመለስ የበረራ አስተናጋጅ ሰዓቱን ለማዛወር ባይታገል ጥሩ ነው፤ ሳይደርስ ይመለሳልና። የሚከብደው ሳይበሩ ሌሊቱን ኤርፖርት ለሚያድሩት፣ ሻንጣ ለሚጭኑት፣ ለሚያጸዱት፣ ለሚፈትሹት ነው። ጎሮ፣ ሰሚት ወይም አያት የሚኖር ሠራተኛ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሲሄድ ታክሲው ወደ ምሥራቅ ነው የሚነዳው። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፣ ሰዓቱም ቀን ጀመረ ብሎ ይመዘግባል። ከሾፌሩ ኋላ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ቢቀመጥና መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ወፍራም መጋረጃ ቢሰቅል፣ ቢያንስ እስከ ቀትር ሊተኛ ይችላል።