የጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆሻሻ የት ይገባል?

በማሽን የሚተነፍስ አንድ ሕመምተኛ በቀን ስንት ዕቃ እንደሚጨርስ ከማንም በላይ የምታውቀው አልጋው አጠገብ የምትውለው ነርስ ናት። ስሪንጅ፣ ጓንት፣ የግሉኮስ ፕላስቲክ፣ የአክታ መሳቢያ ቱቦ፣ ጎዝ፤ አብዛኛው አንዴ አገልግሎ የሚጣል ነው። ከክፍሉ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪ ሩቅ አይደለም።

ዛሬ በሸገር ከተማ የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የሚገኙበት የአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ቆሻሻ ወደ ዳር ሲገፋ ምን እንደሚከተል አይቷል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ሥራ የጀመረው የቆሻሻ ማስወገጃ በገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆመ፤ ቆሻሻውም የአዲስ አበባ ነባር የቆሻሻ መጣያ ወደሆነው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ውሃውም ድንበር አያውቅም፤ የቡራዩና የሰበታ ጅረቶች ወደ አዋሽ፣ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል።

ጉዳቱ አየሩንም ይነካል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሙቀት አማቂ ጋዞች 4.4 ከመቶ ያህሉ ከጤናው ዘርፍ እንደሚመነጭ ገምቷል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ ከ90 ከመቶ በላይ ከውሃ ኃይል ስለሚገኝ፣ መብራት እስካልጠፋና የናፍጣ ጄኔሬተር እስካልተነሳ ድረስ የመተንፈሻ ማሽኑ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ነው። የሚከብደው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ፕላስቲክና የሚቃጠልበት መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የነርሷ እጅ ይወስናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋማት ቆሻሻ 85 ከመቶ ያህሉ ከቤት ቆሻሻ የተለየ አደጋ የለውም። የጓንት ካርቶን ወደ ጥቁሩ ባልዲ፣ ደም የነካው ጎዝ ወደ ቢጫው፣ መርፌው ወደ ሴፍቲ ቦክስ መግባት አለበት። በጥድፊያ ሰዓት ካርቶኑ ቢጫው ውስጥ ከተጣለ ግን እንደ ተላላፊ ቆሻሻ ተቆጥሮ ወደ ማቃጠያው ይሄዳል። ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት አነስተኛ የጡብ ማቃጠያ ደግሞ ቢያንስ የሚያስፈልገውን 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠብቆ መዝለቅ ያቅተዋል። ክሎሪን ያለባቸው የፒቪሲ ቱቦዎች በዝቅተኛ ሙቀት ሲነዱ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ይፈጠራል። ዳይኦክሲን ሣር ላይ ያርፋል፤ ሣሩን የበላችው ላም ስቧ ውስጥ ታከማቸዋለች፤ በወተቷም ይወጣል። ሱሉልታ ደግሞ የወተት አገር ነው።

ከመለየት የሚበልጠው ግን አለማባከን ነው። በለንደን የሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕጻናት ሆስፒታል ነርሶች በ2018 እ.ኤ.አ. ባልደረቦቻቸው ያለምክንያት ጓንት እንዳያጠልቁ ዘመቻ ጀምረው፣ በአንድ ዓመት 21 ቶን ፕላስቲክ አስቀርተዋል። ደም ወይም የሰውነት ፈሳሽ በማይነካበት ሥራ፣ ለምሳሌ ደም ግፊት ሲለካ፣ በአብዛኛው የሚያስፈልገው ንጹሕ እጅ ነው። ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም፤ እንዲያውም ሳይቀየር ከአልጋ አልጋ ከተዞረበት ጀርሙን ያዞራል። ይህ ማለት ግን አንዴ ብቻ እንዲያገለግል የተሠራን መርፌ ወይም ቱቦ ደግሞ መጠቀም አይደለም፤ እሱ ነውርም አደጋም ነው።

ኦክስጅንም እንዲሁ ነው። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ገደማ ጋዝ ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ሕመምተኛ 10 ሰዓት፣ 5 ሊትር ለሚበቃው ደግሞ 20 ሰዓት ያቆያል። የሐኪሙ ትእዛዝ የደሙ የኦክስጅን መጠን ከ92 እስከ 96 ከመቶ እንዲሆን ከሆነና ጣቱ ላይ ያለው መለኪያ 100 ካሳየ፣ ነርሷ ፍሰቱን ቀስ በቀስ ትቀንሳለች። ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ለሕመምተኛውም ጎጂ ነው። ሲሊንደሩ በቆየ ቁጥር ደግሞ የሚያመላልሰው መኪና ነዳጅ ይተርፋል።

በጓንቱም በኦክስጅኑም ለሕመምተኛው የሚበጀው ለአካባቢውም በጅቷል። ኃላፊነቱን ሁሉ ነርሷ ላይ ጥሎ መሄድ ግን አያዋጣም። ቢጫ ከረጢት ካለቀ፣ የእጅ ማጽጃ አልኮሉ አልጋው ጋ ካልተቀመጠ፣ አንዲት ነርስ አራት ሕመምተኛ ከያዘች፣ ሥልጠናው ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሆስፒታል አመራር ሊጀምርበት የሚችለው ቀላል እርምጃ አለ፦ ምን ይገዛ፣ ስንት ይገዛ በሚባልበት ስብሰባ ላይ ዕቃውን በየቀኑ የምትከፍተውንና የምትጥለውን ነርስ ባለድምፅ አድርጎ ማስቀመጥ።