ሥራ የበዛበት ሰው ደስታውን ከየት ያገኛል?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ብዙዎቻችን ደስታችንን የምንቀጥረው ለዓርብ ማታ ነው። ሰኞ ጧት ከወንበራችን ሳንቀመጥ ዓርብን እንናፍቃለን፤ ዓርብ ሲደርስ ግን ድካም ያሸንፈንና ቅዳሜን በእንቅልፍ፥ እሑድን ስለ ሰኞ በማሰብ እናሳልፋለን። በዚህ ዓይነት ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው የጡረታ ደብዳቤውን ሲቀበል «ዕድሜዬ በምን አለፈ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፥ መልሱ «ዓርብን በመጠበቅ» የሚል ይሆናል። ይህም ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ለመሆኑ ደስታ ከሥራ ውጭ ብቻ የሚገኝ ነገር ነውን? ይህን ጥያቄ በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃዪ ከጁዲት ሌፌቭር ጋራ ሆነው መርምረውታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት 78 ሠራተኞች ድምፅ የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ ለአንድ ሳምንት ይዘው ውለዋል። መሣሪያዋ ሳይታሰብ በጮኸች ቍጥር፥ በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚሠሩና ምን እንደሚሰማቸው ይጽፉ ነበር። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ፤ ከፍ ያለ ችሎታ በሚጠይቅ ነገር ላይ ሐሳባቸው ተሰብስቦ የነቃበት ጊዜ ከዕረፍት ሰዓት ይልቅ በሥራ ሰዓት በዝቶ ተገኘ። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሰዎች በሥራ ላይ ሳሉ ሌላ ነገር ለማድረግ ይመኙ ነበር። ሀብቱ በእጃቸው ሳለ አላስተዋሉትም ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። ሥራ ግብ አለው፤ መቃናቱና መበላሸቱ ይታያል፤ ችሎታንም ይጠይቃል። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ሰው ሰዓቱን ይረሳል። ነገር ግን ስልኩ እየጮኸ፥ አለቃው እየጠራ፥ አንዱ መዝገብ ሳያልቅ ሌላው እየተከፈተ የዋለ ቀን ግቡም ውጤቱም አይታይምና ድካሙ ብቻ ይተርፋል።

እርግጥ ነው፥ የደመወዝ ማነስና የቤት ኪራይ ጭንቀት በምክር አይድኑም። በእጃችን ያለውን ግን ማደላደል እንችላለን። በመጀመሪያ፥ ጧት ከተከመረው መዝገብ ውስጥ ዛሬ የሚፈጸመውን አንድ ጉዳይ እንምረጥ፤ የእጅ ስልካችንንም ከመሳቢያ ውስጥ አኑረን ለአንድ ሰዓት ያህል እርሱን ብቻ እንሥራ። ማታም ከመውጣታችን በፊት የፈጸምነውን በወረቀት ላይ እናስፍር። የተፈጸመው ካልተጻፈ የሚታየን የቀረው ብቻ ነውና።

ሁለተኛው፥ ከመዝገቡ በስተጀርባ ያለውን ሰው ማየት ነው። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ፥ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የጡረታ ጉዳይ ይዘው ሦስት ቀን ተመላለሱ። መዝገቡ ጠፍቷል እየተባሉ ይመለሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከቦታው ውጭ በሌላ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት፤ በዚያ ያኖርሁትም እኔው ራሴ ነበርሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «ተገኘ አይደል ልጄ? ዕድሜ ይስጥህ» አሉኝ። እያፈርሁም እየተደሰትሁም ወደ ቤቴ ሄድሁ። ከዚያ ወዲያ መደርደሪያ ማስተካከል ለእኔ አሰልቺ ሥራ አልሆነም፤ እያንዳንዱ ቍጥር በር ላይ የቆመ ሰው መሆኑን አውቄአለሁና።

ሦስተኛው፥ ከባልደረባ ጋራ መረዳዳት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፥ አንዱን የሚያጐብጥ ሥራ ለብዙዎች ሲከፈል ይቀላል። ምሳን ከመዝገብ ላይ ተጐንብሶ ከመብላት ይልቅ ከሥራ ጓደኛ ጋራ ቡና እየጠጡ ስለ ልጆች ጤንነት መጠያየቅ የከሰዓቱን ሥራ ያቀናል እንጂ አያጐድልም።

የተከበራችሁ አድማጮች፥ ባለጉዳዩን በሦስት ቀን ፈንታ በአንድ ቀን የምናሰናብት እንደ ሆነ፥ እርሱም ወደ አገሩ በጊዜ ይመለሳል፤ እኛም ወደ ልጆቻችን የተኰማተረ ፊት ይዘን አንገባም። ስለዚህ ደስታችንን ለዓርብ ማታ አንቅጠረው፤ ከሰኞ ጧት ጀምሮ እንፈልገው።