ዊተን፦ የረጅሙ ኤስካሌተር ሰፈር

የዊተን ሜትሮ ጣቢያ ኤስካሌተር 230 ጫማ፣ ማለትም 70 ሜትር ይረዝማል። መሃል ላይ ማረፊያ ከሌላቸው ኤስካሌተሮች በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ የሚወዳደረው የለም። በስተቀኝ ቆሞ የሚወርድ ሰው እታች ለመድረስ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ የቸኮለ በስተግራ በኩል በእግሩ እየወረደ ያልፈዋል። መጀመሪያ ቀን የመጣ እንግዳ ከአናቱ ቁልቁል አይቶ የእጅ መደገፊያውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ሰፈርተኛው ግን ስልኩን እያየ ይወርዳል።

ዊተን ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን፣ በሜሪላንድ ግዛት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ፣ ጆርጂያ አቬኑን ተከትሎ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ጣቢያው የተከፈተው መስከረም 22 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1998 መስመሩ ወደ ግሌንሞንት እስኪቀጥል ድረስ በዚህ አቅጣጫ የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር ቀይ መስመር መጨረሻ ነበር።

ይህን ያህል ለምን ወደ ታች ወረደ? ባቡሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከመሬት በላይ ነው የሚቆመው። ከዚያ ወዲያ ግን ቤት በቤት ላይ የሞላበት አካባቢ ስለሚጀምር መስመሩ ወደ መሬት ውስጥ ይገባል። ከስር ያለው ጠንካራ ዓለት ነው፤ ለዋሻ ደግሞ ጥልቅ ዓለት ከላላ አፈር ይሻላል፣ ከላይ ያለው ቤትም ሳይፈርስ ይቆያል። የዊተን ጣቢያ የተሠራው የኦስትሪያ ዘዴ በሚባለው አቆፋፈር ነው። ዓለቱ ጥቂት በጥቂት ይቆፈራል፣ እንደተቆፈረም ግድግዳው ላይ ኮንክሪት ይረጫል፣ በላዩ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይለበጣል፤ የመጨረሻው ኮንክሪት የሚሞላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የዋሽንግተን ሜትሮን የሚያውቅ ሰው አርክቴክቱ ሃሪ ዊስ የነደፈውን ሰፊና ባለ ጉድጓድ ጣሪያ አዳራሽ ይጠብቃል። እዚህ አያገኘውም። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ለሄያጁ አንድ፣ ለመጪው አንድ፣ ጠበብ ያሉ ሁለት ዋሻዎች ተሠርተው በመተላለፊያ ተገናኝተዋል። ውበቱ ቢቀንስም የጥልቀቱ ስሜት ይበልጥ የሚታወቀው እዚህ ነው።

ከዊተን በፊት ያለው ፎረስት ግሌን ደግሞ ይብሳል። 196 ጫማ፣ ወደ 60 ሜትር ገደማ ስለሚጠልቅ ከሜትሮው ጣቢያዎች ሁሉ ጥልቁ ነው፤ ኤስካሌተር የሚባል ነገር የለውም። ተሳፋሪውን የሚያወጡትና የሚያወርዱት ስድስት ፈጣን አሳንሰሮች ናቸው። እሳት ቢነሳ ጭሱ ወደ አሳንሰሮቹ እንዳይደርስ የሚዘጉ በሮችም ተገጥመውለታል።

ዊተን ስሙን ያገኘው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1864 በፎርት ስቲቨንስ ውጊያ ዋሽንግተንን ከተከላከሉት የሰሜን ጦር መኮንኖች አንዱ ከነበረው ከፍራንክ ዊተን ነው። ሰፈሩን ገበያተኛ የሚያውቀው ግን በ1960 በተከፈተው የገበያ ማዕከል ነው። ሙዚቀኛ ደግሞ ቸክ ሌቪንን ፍለጋ ይመጣል። ይህ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ዲሲ ውስጥ በ1958 ተከፍቶ፣ በ1968 በከተማዋ በተነሳው ሁከት ከወደመ በኋላ እዚህ መጥቶ ሥራውን ቀጠለ።

ለሀበሻ አንባቢ ይህ መስመር ሩቅ አገር አይደለም። በዚያው ቀይ መስመር ሁለት ጣቢያ ወደ ዲሲ ሲወርዱ የሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች በብዛት ያሉበት ነው። የካውንቲው መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪው ከሚያወጧቸው መረጃዎች ብዙዎቹ በአማርኛም ይዘጋጃሉ። በ2012 ደግሞ ሞንትጎመሪ ካውንቲና ጎንደር እህትማማች ሆነዋል።