ፓይተን በትክክል መጫኑ እንዴት ይረጋገጣል?

የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ጫኚው በመጨረሻ «ተጠናቋል» የሚል መልእክት ያሳያል። መልእክቱ የሚመሰክረው ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ መቀመጣቸውን ብቻ ነው። ቋንቋው በስሙ ሲጠራ ይገኛል ወይ? የሚገኘው የተፈለገው ስሪት ነው ወይ? ኮድ ሲሰጠውስ ይሠራል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ፍተሻ ነው። ጀማሪዎች በብዛት የሚማሩት ፓይተን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

የመጀመሪያው ፍተሻ የሚካሄደው ተርሚናል ላይ ሲሆን በዊንዶውስ ደግሞ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ነው። የቋንቋው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፤ ክፍት ቦታ ተትቶ ሁለት ሰረዝና «ቨርዥን» የሚለው ቃል ሳይነጣጠሉ ይከተላሉ። በሊኑክስና በማክ አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ጋር 3 ቁጥር ተያይዞ ይጻፋል። ኢንተር ሲጫን የስሪቱ ቁጥር ከወጣ ቋንቋው ተገኝቷል ማለት ነው።

ካልወጣ ግን ፓይተን አልተጫነም ብሎ መደምደም አይቻልም። ኮምፒውተሩ ትዕዛዝ ሲደርሰው ዲስኩን በሙሉ አያስስም፤ «ፓዝ» የተባለው ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡትን ፎልደሮች ብቻ በቅደም ተከተል ያያል። የፓይተን ፎልደር እዚያ ካልተመዘገበ ፋይሎቹ እያሉ ትዕዛዙ አልታወቀም ይላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ደግሞ በምትኩ ማይክሮሶፍት ስቶር ሊከፈት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በተለመደው የዊንዶውስ ጫኚ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ያለችው፣ ፓይተንን ፓዝ ላይ ለመጨመር የምታገለግለው ትንሽ ሳጥን ምልክት ሳይደረግባት መታለፏ ነው። ጫኚውን እንደገና ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል። ቀድሞ የተከፈተው መስኮት የሚያውቀው አሮጌውን ዝርዝር ስለሆነ፣ ከማስተካከያው በኋላ አዲስ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የትኛው ስሪት ነው የመለሰው የሚል ነው። ፍለጋው መጀመሪያ ባገኘው ላይ ስለሚቆም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ፓይተን ካለ አሮጌው አዲሱን ሊቀድመው ይችላል። በዊንዶውስ «ዌር»፣ በሊኑክስና በማክ «ዊች» የሚባሉት ትዕዛዞች መልስ የሰጠው ፕሮግራም ከየትኛው ፎልደር እንደተነሣ ያሳያሉ። ቁጥሩም ሲነበብ ጥንቃቄ ይሻል፦ 3.10 ከ3.9 በኋላ የወጣ ስሪት ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው እንደ አሥርዮሽ አይቆጠርም። ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ 3.0 በ2008 ወጣ። ለፓይተን 2 የሚደረገው ድጋፍ በ2020 መጀመሪያ አብቅቷል፤ ስለዚህ በ2 የሚጀምር ቁጥር ከወጣ የመለሰው ያረጀው ስሪት ነው።

ሦስተኛው ፍተሻ ቋንቋውን ማሠራት ነው። ስሙ ብቻውን ተጽፎ ኢንተር ሲጫን ሦስት የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ፓይተን ኮድ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። እዚያ ላይ ርዝመት በሚለካው «ሌን» የተባለ ፈንክሽን ቅንፍ ውስጥ «ሰላም» የሚለው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ተከቦ ቢሰጥ፣ ፓይተን 3 ፊደላቱን ቆጥሮ 3 ይላል። ዩቲኤፍ-8 በሚጠቀም ተርሚናል ላይ ፓይተን 2 ለዚሁ ቃል 9 ይላል፤ እሱ የሚቆጥረው ባይት ሲሆን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ፊደላቱ ባዶ ሳጥን ሆነው ቢታዩም ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ችግሩ የመስኮቱ ፎንት እንጂ የፓይተን አይደለም።

የሚቀረው ተጨማሪ ፓኬጆችን የሚያወርደው «ፒፕ» ነው። የእሱም ስሪት ሲጠየቅ በመልሱ መጨረሻ ቅንፍ ውስጥ የሚያገለግለው የፓይተን ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ፍተሻ ውጤት ጋር ካልገጠመ ፓኬጆቹ የሚገቡት ሌላ ፓይተን ውስጥ ነው፤ ተጠቃሚው ፓኬጁን በትክክል ጭኖ ሳለ «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል ስህተት የሚገጥመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፒፕን በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ በራሱ በፓይተን በኩል ማስነሣት ይህን መምታታት ያስቀራል።

ፓይተንን ከምንጭ ኮዱ ራሱ ያጠናቀረ ሰው አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት። ሲጠናቀር አስፈላጊ ላይብረሪዎች ካልተገኙ ቋንቋው ይነሣል፣ ስሪቱንም ይናገራል፤ ሆኖም እንደ «ኤስኤስኤል» እና «ኤስኪውላይት3» ያሉት ሞጁሎች ይጎድሉታል። እንዲህ ያሉትን ሞጁሎች ኢምፖርት አድርጎ ስህተት አለመምጣቱን ማየት ያስፈልጋል። እነዚህ ፍተሻዎች ከታለፉ በኋላ ለሚመጣ ስህተት መንስኤው መፈለግ ያለበት በቅድሚያ ከተጻፈው ኮድ ውስጥ ነው።