እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ዋሽንግተን ሲሄዱ

ጎረቤታችን የሆኑ እናት፣ ዋሽንግተን የምትኖረው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለ ነበር ሊያርሷት ተነሡ። የገንፎው እህል ተፈጨ፤ ሽሮውና በርበሬው ታሸገ። ትኬቱ «ማክሰኞ 00፡30» ይላል። ቤተ ዘመዱ ማክሰኞ ማታ አጅቦ አየር ማረፊያ ሲያደርሳቸው፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሰዓቱ የሰኞ ሌሊት 6፡30 ነበርና። ሌላ ቦታ እስኪገኝ አራት ቀን ጠበቁ፤ ልጂቱም እናቷ ሳይደርሱላት ወለደች።

እኛ ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ሲሆን፣ በአየር ጉዞ ግን ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። በመሆኑም በትኬት ላይ ከ00፡00 እስከ ንጋት ያለ ሰዓት የታየ እንደሆነ፣ ከቤት የሚወጣው በዋዜማው ማታ መሆኑን ካላንደሩ ላይ በቀይ ማስመር ይበጃል። 22፡30 የሚል ከሆነ 18 ሲቀነስለት ከምሽቱ 4፡30 ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን የ13 ሰዓት ገደማ መንገድ መሆኑ ነው። ሲሄዱ ግን ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል። በሳሳ አየር ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ሰውና ጓዝ ሞልቶ፣ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅም ይዞ መነሣት ይከብደዋል። መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስም ከፊት ይገጥመዋል። ማረፊያው ሲታከል ጉዞው እስከ 17 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ 7፣ በቀሩት ወራት 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚል፣ ማታ ተነሥተው እዚያ ሲደርሱ ገና ጠዋት ነው።

እናቶቻችን ጎን ያለውን ሰው ላለማስቸገር ብለው ሌሊቱን ሙሉ ከወንበር አይነሡም፤ መጸዳጃ ቤት ላለመመላለስም ውሃ አይጠጡም። ይሉኝታው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ለረጅም ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የመተላለፊያ ዳር ወንበር ይጠየቅላቸው። በየጊዜው ብድግ ብለው ጥቂት ይራመዱ፤ ሲቀመጡም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወይም ቀደም ሲል ደም የረጋባቸው ሐኪም ሳያማክሩ አይነሡ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይገባም፤ ሰዓቱ ሲለወጥ መቼ እንደሚወሰድም ሐኪሙ ይንገራቸው። ቋንጣውን እቤት መተው ነው፤ የአሜሪካ ጉምሩክ አያሳልፈውም።

በመልሱ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ፣ አውሮፕላኑም ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሣ ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሰውነት ግን ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ይበልጥ ይቸገራል፤ ሌሊት ዓይን ፈጦ ማደር፣ ቀን ማንጎላጀት ለቀናት ይቆያል። እንኳን ደህና ገቡ ሊል የሚመጣው ዘመድ የመጀመሪያውን ቀን ቢያሳርፋቸው ውለታ ነው።